በአሸዋ ላይ ስለ ተቀረቀረ መርከብ፦ የማትረፍ ሥራው ለሙያ ቃላት አሰያየም የሚሰጠው ትምህርት

ስለ ባሕር አደጋ የሚናገሩ የውጭ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ በአብዛኛው የምናገኘው ግሥ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሰጠመ» የሚለው ነው። ከቋጥኝ ጋር የተጋጨው፣ በማዕበል የተገለበጠው፣ በአሸዋ ላይ ወጥቶ የቆመው መርከብ ሁሉ በአማርኛው «ሰጥሟል»። ይህን የምንለው ተርጓሚውን ለመውቀስ አይደለም። የቋንቋው ተናጋሪ በአብዛኛው ከባሕር ርቆ በደጋና በወይና ደጋ የኖረ በመሆኑ ግሡም ነገሩን ከሩቅ ያየ ሰው ግሥ ነው። ዳሩ ግን በአሸዋ ላይ የቆመ መርከብ ከሰጠመ መርከብ የሚለየው በስም ብቻ አይደለም። የሰጠመው በአብዛኛው ከእጅ የወጣ ሲሆን በአሸዋ ላይ የቆመው ግን ገና ሊተርፍ ይችላል። መትረፍ አለመትረፉም የሚወሰነው በሚቀጥሉት ሰዓታትና ቀናት በሚሠራው ሥራ ነው። በዚያ ሥራ መካከል አዛዡ የተናገረውን ቃል ታዛዡ በሌላ ፍች ቢረዳው የሚጠፋው ንብረት ብቻ አይሆንም።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የራሷ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም የንግድ መርከቦቿ በባሕር ላይ ይሠራሉ፤ ወጣቶቿም በመርከበኛነት ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች ይቀጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የባሕር ሕጓም በአደጋ ላይ ለሚገኝ መርከብ ስለሚደረግ ርዳታ ይደነግጋል። ስለሆነም የማሠልጠኛ መጽሐፍ የሚተረጉም፣ የመድን ውል የሚያዘጋጅ፣ የፍርድ ቤት ሰነድ የሚመልስ ሰው እነዚህን ቃላት ዛሬውኑ ይፈልጋቸዋል።

ከዚህ ቀደም እንደ ልማዳችን ከባዕድ ቋንቋ የቃላት ዝርዝር ተነሥተን ለእያንዳንዱ አቻ ስንፈልግ ቆይተናል። በዚህ ጽሑፍ ግን አካሄዳችንን ለውጠናል። አንድ እውነተኛ የመርከብ ማትረፍ ሥራ ወስደን የሥራውን ቅደም ተከተል እየተከተልን ቋንቋው የቱን ከቱ መለየት እንደሚገባው እንመረምራለን። ያስቸግረናል ብለን የጠበቅነው እንግዳው ቃል ነበር። እጅግ ያስቸገረን ግን እናውቀዋለን ብለን የተማመንበት ቃል ሆኖ ተገኘ።

የምንመረምረው ጉዳይ የደረሰው በምሥራቅ አውስትራልያ፣ በኒውካስል ከተማ አጠገብ ነው። ኒውካስል በዓለም ከታወቁት የድንጋይ ከሰል ወደቦች አንዱ ሲሆን ተራ የሚጠብቁ መርከቦች ከወደቡ ውጭ በግልጥ ባሕር ላይ መልሕቅ ጥለው ይቆያሉ። «ፓሻ በልከር» የተባለችው የብትን ጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 2007 መጥታ ከዚህ ተራ ገባች። በ2006 የተሠራች አዲስ መርከብ ነበረች፤ ርዝመቷ 225 ሜትር፣ ወርዷ 32 ሜትር ያህል፣ የመሸከም ዐቅሟም ከ76,000 ቶን በላይ ነበር። ከሰሉን ገና ስላልጫነች ባዶ ነበረች፤ ባዶ መርከብ ደግሞ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል።

ሰኔ 1 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2007) ብርቱ ወጀብ ተነሣ። የመርከቧ መልሕቅ መያዝ አቃተው። አዛዡ መልሕቁን ነቅሎ ወደ ጥልቁ ባሕር ለመሸሽ ቢሞክርም ጊዜው አልፎ ነበርና ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ መርከቧ ኖቢስ በተባለው የከተማው መዋኛ ዳርቻ አሸዋ ላይ ወጣች። በውስጧ የነበሩት 22 መርከበኞች በዚያው ዕለት በሄሊኮፕተር አንድ ባንድ እየተነሡ ዳኑ። የአውስትራልያ የትራንስፖርት ደኅንነት ቢሮ በ2008 ባወጣው የምርመራ ዘገባ መርከቧ ለከባድ አየር የሚበቃ የማረጋጊያ ውኃ አለመያዟንና አዛዡ መልሕቅ ከጣለበት ስፍራ በጊዜ አለመነሣቱን ከምክንያቶቹ ቈጥሯል።

መርከቧ በአሸዋው ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየች በኋላ ሰኔ 25 ቀን (ጁላይ 2) ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ እንደ ገና ተንሳፈፈች። በውስጧ የነበረው 700 ቶን ያህል የነዳጅ ዘይት ዳርቻውን ሳያጠፋ ቀረ።

የአደጋው ስም

ከመጀመሪያው እንነሣ። መርከቧ ምን ሆነች? «መሬት ነካች» እንዳንል፣ መርከብ ወለሉን ነክቶ ሳይቆም ሊያልፍ ይችላል፤ ይህ ራሱን የቻለ ድርጊት ነውና ለእርሱ «ነካ» የሚለውን መተው ያስፈልጋል። «አረፈች» እንዳንል ግሡ ሰላምን ያመለክታል። «ተሰነቀረች» በሁለት ነገሮች መካከል መያዝን የሚጠይቅ ሲሆን በገደላ ገደል መካከል ለገባ መርከብ ይስማማ ይሆናል። የከባድ መኪና ነጂዎች «አሸዋ ያዘው» ይላሉ። አነጋገሩ ሕያውና ትክክለኛ ነው፤ መኪናው አልተሰበረም፣ አልወደቀም፤ ኀይሉም እያለው መሄድ ግን አይችልም። ችግሩ ያዢው በየጊዜው መጠራት ስላለበት ጭቃም፣ ጠጠርም፣ ቋጥኝም ለያዘው መርከብ አንድ የጋራ ስም አለመገኘቱ ነው።

ስለዚህ «ተቀረቀረ» የሚለውን መርጠናል። ዐጥንት በጉሮሮ እንደሚቀረቀር ሁሉ ግሡ መሄድ የነበረበት ነገር ሳይወድ በስፍራው መያዙን ይገልጻል፤ በተጨማሪም «ተላቀቀ» የሚል ተቃራኒ አለው። ተቃራኒ ያለው ግሥ ለሙያ ቃል ይመቻል። ስሙን በተመለከተ «ቅርቃር» የሚለው በጋዜጦች «ድርድሩ ቅርቃር ውስጥ ገባ» እየተባለ ለፖለቲካ ጉዳይ ስለተለመደ «መቀርቀር» በሚለው አርእስት መጠቀሙ ይሻላል እንላለን።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። በዚያው ዓመት፣ በጃንዋሪ 2007፣ «ኤም ኤስ ሲ ናፖሊ» የተባለች የኮንቴይነር መርከብ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ በማዕበል አካሏ ተሰነጠቀ። 26ቱ መርከበኞች ለቀዋት ወጡ። ተጎትታ ስትሄድ ወደብ ሳትደርስ እንዳትሰበር ስለ ተፈራ በደቡብ እንግሊዝ ብራንስኮም በተባለው መንደር አቅራቢያ ሆን ተብሎ ወደ ጥልቀት የሌለው ስፍራ እንድትወጣ ተደረገ። ናፖሊንና ፓሻ በልከርን በሩቅ ያየ ሰው ሁለቱም «አሸዋ ላይ የወጡ መርከቦች» ናቸው ቢል አይፈረድበትም። በሕግና በመድን ዘንድ ግን የመጀመሪያው ውሳኔ ሲሆን ሁለተኛው አደጋ ነው። መርከብና ጭነት በአንድ አደጋ ላይ ሳሉ ሁለቱን ለማዳን ሲባል በፈቃድ የደረሰ ጉዳት ለባለ ንብረቶቹ ሁሉ የሚከፋፈልበት ጥንታዊ የባሕር ሕግ አለና ኪሳራውን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ በዚች ልዩነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። በፈቃድ የሆነውን «ዳርቻ ማስያዝ»፣ ያለ ፈቃድ የሆነውን «መቀርቀር» ብለን ስንለይ አማርኛው በአድራጊና በተደራጊ ግሥ የሚሰጠንን መሣሪያ መጠቀማችን ነው፦ ዳርቻ አስያዝዋት፤ ተቀረቀረች።

«ማዳን»፣ «መታደግ»፣ «ማትረፍ»

ለጠቅላላው ሥራ የሚሰጠው ስም ይበልጥ አስቸግሮናል። «ማዳን» የሚለው ቀድሞ ወደ አፍ ይመጣል። በኒውካስል ግን ሁለት ሥራዎች ተሠርተዋል፤ በሄሊኮፕተር ሰዎቹን ማውጣትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መርከቧን ማላቀቅ። ሁለቱንም «ማዳን» ካልን የሕጉን ዋና ድንበር እናፈርሳለን። እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት መርከብንና ጭነትን ከአደጋ ያወጣ ሰው ካዳነው ንብረት ዋጋ ላይ ወሮታ እንዲከፈለው ሲያደርግ፣ ነፍሱ የዳነች ሰው ግን ለአዳኙ ዋጋ እንዲከፍል አይገደድም ይላል። እንግዲህ «የማዳን ዋጋ» ብሎ ያለ ልዩነት የተረጐመ ሰው ሰምጦ ከነበረ መርከበኛ ላይ ሂሳብ እንዲጠየቅ በር ከፍቷል ማለት ነው።

«መታደግ» ለሰው ይስማማል፤ ክብርም አለው። ሆኖም ባለቤቱን «ታዳጊ» ስንለው ከ«አደገ» ከተገኘው «ታዳጊ» ጋር በመልክ አንድ ይሆናል። «ታዳጊ ድርጅት» የሚለውን አንባቢው ከጥፋት የሚያወጣ ሳይሆን ገና በማደግ ላይ ያለ ድርጅት አድርጎ ቢወስደው የእርሱ ጥፋት አይሆንም።

«ማትረፍ» ቀረን። «አተረፈ» ሦስት ዋና አገባቦች አሉት፦ ከእሳት ወይም ከጎርፍ ጥቂት ንብረት ማውጣት፣ ከምግብ ወይም ከገንዘብ ሳይጨርሱ ማስቀረት፣ በንግድ ከወጪ በላይ ማግኘት። መዝገበ ቃላት እነዚህን እንደ ተለያዩ ፍቾች ቢዘረዝራቸውም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሊጠፋ ወይም ሊያልቅ ከሚችለው ላይ የቀረው ነገር ነው። የባሕር ማትረፍ ሥራ ደግሞ ሁለቱን ዳርቻዎች ያገናኛል። ከ1908 ጀምሮ በለንደን እየታተመ እስከ ዛሬ የሚሠራበት የሎይድስ ውል የቆመበት መርሕ ሥራው ካልተሳካ ወሮታ የለም የሚል ነው። ያተረፈ ያተርፋል፤ ያላተረፈ አያተርፍም። ይህን መሰል መግጠም በሌላ ቋንቋ ማግኘት ያስቸግራል ብለን ጥቂት ተኩራርተን ነበር።

ኩራታችን ግን ብዙ አልቆየም። ባለ ሙያውን «መርከብ አትራፊ» ብለን ስንጠራው የሰሙን ሁሉ በመርከብ ንግድ ገንዘብ ያገኘ ሰው መሰላቸው። ስለዚህ ባለቤቱን «የማትረፍ ሥራ ባለሙያ»፣ ድርጅቱን «የማትረፍ ሥራ ተቋራጭ» ማለቱን መርጠናል፤ ረዘም ይላል፣ ነገር ግን አያሳስትም። ስለ መርሑም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ በእንግሊዝኛው አጭር አባባል ውስጥ ያለችው ቃል ፈውስ ማለት ስለሆነች ወደ አማርኛ በቀጥታ ስትገባ ውሉ የሐኪም ቤት ማስታወቂያ ይመስላል። «ውጤት ከሌለ ወሮታ የለም» ቢባል ይበቃል። የ1989ኙ ስምምነት በዚህ መርሕ ላይ ማሻሻያ አድርጓል፤ መርከቡ ባይተርፍም እንኳ በአካባቢ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ለመከላከል የደከመ ሰው ወጪው የሚካስበት ልዩ አንቀጽ አለው። ይህን «ልዩ ካሣ» እንጂ «ወሮታ» ማለት አይገባም።

ከመሳብ በፊት ማክበድ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የተቀረቀረ መርከብ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው ቶሎ ይጎተት ብሎ ነው። ባለሙያው ግን በመጀመሪያ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ በመርከቡ ውስጥ ባሉት ጋኖች የባሕር ውኃ ሞልቶ ወደ አሸዋው ያከብደዋል። ምክንያቱም ማዕበሉ ገና ስላልበረደ ቀሎ የተቀመጠ መርከብ በእያንዳንዱ ሞገድ እየተነሣ እየወደቀ ታችኛው አካሉ ይቀጠቀጣል፤ እየተገፋም ወደ የብስ ይርቃል፤ ይባስ ብሎም ጎኑን ለማዕበሉ ይሰጣል። በፓሻ በልከርም ባለሙያዎቹ መርከቧን በውኃ አክብደው ካረጋጓት በኋላ፣ መጎተቻው ተዘጋጅቶ የባሕሩ ሙላት ሲደርስ ውኃውን አውጥተው አቀለልዋት። «ማትረፍ» በሚለው ቃል ሥር መጫንም ማቅለልም አሉበት፤ ስለዚህ የሥራ መመሪያ የሚተረጉም ሰው «መርከቡን አክብድ» የሚል ትእዛዝ ሲያጋጥመው ስሕተት ነው ብሎ እንዳያርመው ይጠንቀቅ።

ለዚህ ውኃ የሚሰጠው ስም በብዙ ቋንቋዎች «ባላስት» ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ ቀድሞ ተይዟል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችን «ባላስት» የሚሉት በረጅሙ አምፖል ውስጥ ያለውን ዕቃ ነው። «የሚዛን ውኃ» የሚል ሐሳብ ቀርቦልን ነበር፤ ሆኖም በአሸዋው ላይ ውኃው መርከቡን የሚያመዛዝን ሳይሆን የሚጭን ነው። «የማረጋጊያ ውኃ» በባሕር ላይም በአሸዋ ላይም እውነት ሆኖ ስላገኘነው ከላይ የተጠቀምንበት በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ነው። የሚንሳፈፍ መርከብ ክብደቱን በሙሉ የሚሸከምለት ውኃ ሲሆን፣ የተቀረቀረ መርከብ ግን ክብደቱን ለውኃውና ለመሬቱ አካፍሏል። መሬቱ የተሸከመውን ክፍል በመጀመሪያ «የመሬት ድርሻ» ብለነው ነበር፤ አንዱ ባልደረባችን ግን የርስት ክርክር መሰለኝ ብሎ ሳቀብን። ትክክል ነበር። «የመሬት ሸክም» ብለን አረምነው።

መርከቡን ከአሸዋ ለማንሸራተት የሚያስፈልገው ኀይል በዚህ ሸክምና በወለሉ ሰበቃ ይወሰናል። ባለሙያዎች እንደ መነሻ የሚይዙት የሰበቃ ልክ ለጭቃ ከ0.2 እስከ 0.3፣ ለአሸዋ ከ0.3 እስከ 0.4፣ ለቋጥኝ ከ0.8 እስከ 1.5 ነው። ስለዚህ የመሬት ሸክሙ 2,000 ቶን የሆነ መርከብ በአሸዋ ላይ ከ600 እስከ 800 ቶን የሚደርስ መሳቢያ ይፈልጋል፤ በቋጥኝ ላይ ግን ከራሱ ሸክም የሚበልጥ ኀይል ሊጠይቅ ይችላል። አሸዋ ለመርከብ የተሻለ ጠላት ነው የሚባለው በዚህ ነው። ነገር ግን አሸዋ አይረጋም። ማዕበሉ በመርከቡ ሁለት ጫፎች ሥር ያለውን እየጠረገ በሌላ በኩል ይከምረዋል። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገንም፤ የግብርና ባለሙያዎች ለአፈር ያስለመዱት «መሸርሸር» በቀጥታ ይሠራል። ጫፎቹ ሲሸረሸሩ መርከቡ በመካከሉ ብቻ ተደግፎ ይጎብጣል፤ መካከሉ ሲሸረሸር ደግሞ ይሰረጉዳል። «ጎበጠ» እና «ሰረጎደ» በገበሬው አፍ ያሉ ቃላት ናቸው፤ የመርከብ መሐንዲስም ከእነርሱ የተሻለ አያገኝም።

ሙላትና ጉድለት

እጅግ ካደናገሩን ቃላት አንዱ «ማዕበል» ነው። በልማድ ነፋስ የሚያስነሣውንም ሞገድ፣ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የባሕሩ ከፍታ በቀን ውስጥ የሚጨምርበትንና የሚቀንስበትንም ሁኔታ አንዳንድ መጻሕፍት በዚሁ አንድ ቃል ጠርተዋቸዋል። ለተቀረቀረ መርከብ ግን አንዱ ጠላት፣ ሌላው ወዳጅ ነው። «ማዕበሉን ጠብቁ» የሚል መመሪያ ምን ማለት ይሆናል?

ወንዝ ሞላ፣ ወንዝ ጎደለ እንላለን። ይህንኑ ወደ ባሕር ወስደን «የባሕር ሙላት» እና «የባሕር ጉድለት» ብለናል። የሚገርመው፣ ቋንቋው ያለውን ሳይጠቀምበት የቆየው ባሕሩ ሩቅ ስለሆነ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚህ የባሰ ስሕተትም አለ። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን የሚመጣውን ታላቅ ሙላት እንግሊዝኛው በሚጠራበት ስም ውስጥ ያለችው ቃል የጸደይ ወራት ስም ጋር አንድ ናት። በዚህ ምክንያት «የጸደይ ማዕበል» ተብሎ ሲተረጐም አይተናል። ነገሩ ከጸደይ ጋር ግንኙነት የለውም፤ በየወሩ ሁለት ጊዜ ይመጣል። የዚህን ትርጕም መመሪያ ይዞ ጸደይን የሚጠብቅ ሰው መርከቡን ሳያጣ አይቀርም። «ታላቅ ሙላት» ያልነው ለዚህ ነው፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን የሚመጣውንም «ንኡስ ሙላት» ብለናል።

የውኃው ከፍታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በቀላል ስሌት እናሳይ። 225 ሜትር ርዝመትና 32 ሜትር ወርድ ያለው መርከብ ዙሪያውን የከበበው ውኃ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል በግምት ከ60 ቶን በላይ ክብደት ይሸከምለታል። ግማሽ ስንዝር ያህል፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር፣ ቢጨምር 600 ቶን ከመሬት ሸክሙ ይቀነሳል፤ በአሸዋ ላይ ይህ ከ180 እስከ 240 ቶን የሚደርስ መሳቢያን ያስቀራል። ፓሻ በልከር የተቀረቀረችው ጨረቃ ግማሽ በነበረችበት ዕለት ሲሆን፣ ሙሉ ጨረቃ የወጣችው ሰኔ 23 ቀን ነበር። መርከቧ የተላቀቀችው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ቀን ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ቁጥር ሲያይ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

የመልሕቅ ፍች

በዚህ ሥራ ላይ ሳለን የራሳችንን የመዝገበ ቃላት ረቂቅ ፈትሸን አንድ ጉድለት አገኘን። «መልሕቅ» የሚለውን ቃል «መርከብን ከአንድ ስፍራ እንዳይንቀሳቀስ የሚያቆም ከባድ ብረት» ብለን ፈተነው ነበር። በኒውካስል ግን የማትረፍ ሥራ ባለሙያዎቹ ከዳርቻው ርቆ በጥልቁ በኩል ከባድ መልሕቆች ጣሉ፤ ከእነርሱም የተያያዘውን የብረት ገመድ በመርከቧ ላይ በተተከሉ ዊንቾች እያጠበቁ መርከቧን ወደ ባሕሩ ሳቧት። መልሕቁ የቆመው መርከቧ እንድትሄድ ነው። እኛ የፈታነው ዕቃውን ሳይሆን ከአገልግሎቶቹ አንዱን ነበር። አሁን «ከባሕር ወለል ጋር ተያይዞ የሚይዝ፣ በገመድ ወይም በሰንሰለት ከመርከብ ጋር የሚገናኝ ከባድ ብረት» ብለን አስተካክለናል፤ ማቆምና መሳብ በአገልግሎት ምሳሌነት ከሥሩ ይገባሉ። በአገልግሎት ብቻ የተፈቱ ሌሎች የዕቃ ስሞችም በረቂቁ ውስጥ ስለሚኖሩ ፍተሻው ይቀጥላል።

ከመልሕቆቹ ጋር ሦስት ጎታች መርከቦች ይስቡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ገመድ ተበጥሷል፤ መርከቧም ጥቂት ዞር ከማለት በቀር አልተላቀቀችም። በመጨረሻ ስትወጣ ጋዜጦች «ተጎትታ ወጣች» አሉ። እኛ ግን ለዚህ ፍጻሜ «ማንሳፈፍ» የሚለውን እንመርጣለን። መጎተት አንዱ መንገድ ነው፤ ማቅለል፣ ሙላትን መጠበቅ፣ አሸዋን መቈፈር ሌሎቹ ናቸው። በማርች 2021 በስዊዝ ቦይ የተቀረቀረችው 400 ሜትር ርዝመት ያላት «ኤቨር ጊቭን» የተላቀቀችው ከአፍንጫዋ ሥር እጅግ ብዙ አሸዋ ተቈፍሮ፣ በጎታቾች ተስባ፣ ታላቅ ሙላትም ረድቷት ነው። በ«መጎተት» የተጠራ ሥራ ሠራተኛውን ገመድ ብቻ እንዲያይ ያደርገዋል። «ማንሳፈፍ» የሚለው ግን የሚፈለገውን ውጤት ይጠራል፤ መንገዱን ለባለሙያው ይተዋል።

የተረፈውና የቀረው

ከናፖሊ ላይ የወደቁ ኮንቴይነሮች ብራንስኮም ዳርቻ በደረሱ ጊዜ ብዙ ሕዝብ መጥቶ ሞተር ብስክሌት ሳይቀር እየገፋ ወሰደ። በእንግሊዝ ሕግ ከባሕር የወጣ ዕቃ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ሹም ማስታወቅ አለበት፤ ያስታወቀ ሰው ወሮታ ሊያገኝ ይችላል፣ የደበቀ ግን ወንጀለኛ ነው። ድርጊቱ በዓይን ሲታይ አንድ ነው። በአማርኛ «ለቀማ» ብንለው ንጹሕ ይሆናል፤ «ዘረፋ» ብንለው ፍርዱን አስቀድመን ሰጠን። የዜና ተርጓሚ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጡ በፊት ሰዎቹ ማስታወቃቸውን አለማስታወቃቸውን መጠየቅ አለበት፤ ሳያውቅ ከሆነ «ወሰዱ» ማለት ይበቃዋል።

የመጨረሻው ቃል የሚመለከተው ያልተረፈውን ነው። ከኖቢስ ዳርቻ በወደቡ ማዶ ስቶክተን የሚባል ረጅም የአሸዋ ዳርቻ አለ። ፓሻ በልከር ከመቀርቀሯ 33 ዓመት በፊት፣ በሜይ 26 ቀን 1974፣ «ሲግና» የተባለች የኖርዌይ የብትን ጭነት መርከብ እዚያ በወጀብ ተቀርቅራ ወገቧ ተሰብሯል። እንግሊዝኛው «ጀርባዋ ተሰበረ» ይላል፤ በአማርኛ ግን ለሁለት የሚከፈል ነገር የሚሰበረው ወገቡ ነው። የፊት ክፍሏ በዚያው ዓመት እንዲንሳፈፍ ተደርጎ ተወሰደ። የኋላ ክፍሏ ግን በአሸዋው ተይዞ ከ40 ዓመት በላይ እየዛገ ቆይቶ በ2016 ወጀብ አብዛኛው ፈረሰ። የሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍን ያነበበ ሰው የጳውሎስ መርከብ በማልታ አጠገብ ፊቷ ተተክሎ ኋላዋ በማዕበል መሰበሩን ያስታውሳል።

ይህን ቆሞ የቀረ ክፍል ምን እንበለው? «ስብርባሪ» ካልን ቁርጥራጭ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደ ቤት ቆሞ የሚታይ ነበር። «ፍርስራሽ» ለድንጋይና ለጭቃ ቤት የተሰጠ ነው። «ቅሪት» የሚለው ከተረፈው ጋር ይደባለቃል፤ የቀረው የተረፈው ነው እንዴ? በዚህ ረገድ ገና አልተስማማንም። በጣና፣ በዝዋይና በጫሞ የሚኖሩ ታንኳ ነጂዎች ከጥቅም ውጭ ሆኖ በዳርቻ የተተወ ታንኳን የሚጠሩበት ስም ካለ ከቦታው የሰማ አንባቢ፣ ቃሉ የተነገረበትን ዐረፍተ ነገር ጭምር ጽፎ ቢልክልን ለሚቀጥለው ረቂቅ እንጠቀምበታለን።